ልጅ የሌለበት አራስ ቤት፦ ከካንሰር በኋላ ጡት አሠርቶ ስለማገገም

ዘመዳችን ከሆስፒታል በወጣች በሦስተኛው ቀን ልጠይቃት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ወዳለው ቤቷ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ሊያስታምሟት ከአዲስ አበባ የመጡት እናቷ ነበሩ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገዋል፤ በእጃቸው ሽሮፕ መስፈሪያ የምታህል የፕላስቲክ ኩባያ ይዘዋል። «ግቢ፣ ግቢ፤ አራሷ ነቅታለች» አሉኝ። ከአገር ቤት ለሚደውለው ሁሉ የሚሰጡት መልስም ይኸው ነበር፤ አራስ ናት። ነገሩን ያላወቀ አንድ ሁለት ሰው «ወንድ ነው ሴት?» ብሎ ጠይቋቸዋል።

ልጅ አልነበረም። ካንሰር የገባበት የግራ ጡቷ ወጥቶ፣ እዚያው ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ከሆዷ በተወሰደ ቆዳና ስብ አዲስ ጡት ተሠርቶላታል። ከጡቷ ጎን አንድ፣ ከሆዷ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወጥተው ጫፋቸው ላይ እንቁላል የሚያካክሉ የላስቲክ ኳሶች ተንጠልጥለዋል፤ ሐኪሞች ድሬን የሚሏቸው ናቸው። እናት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ቱቦውን በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አድርገው ከላይ ወደ ታች ሳቡት። «ነርሷ ስታሳየኝ ወዲያው ገባኝ። ማለብ ነው እኮ!» አሉ። ቀላ ያለውን ፈሳሽ ወደ ኩባያዋ ገለበጡ፤ ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው መስመሩን አዩ፤ ከዚያም የማኅበር ወጪ ሲጽፉበት በኖሩት ደብተር ላይ አሰፈሩ። ጠዋት 2 ሰዓት፤ ጡት 25፣ ግራ ሆድ 45፣ ቀኝ ሆድ 40። በሳምንቱ ክሊኒክ ሲሄዱ ደብተሩን ያየችው ነርስ ሰዓቱን በፈረንጅ ቆጥራ ኖሮ ክፉኛ ተጨነቀች፤ «ለምንድን ነው ሌሊት በ2 ሰዓት የምትቀሰቅሷት?» አለች። ዘመዳችን የሳቀችው ሆዷን በትራስ ደግፋ ነው፤ ስፌቱ እንዳይላቀቅ ፈርታ።

እኚህ እናት «አራስ ናት» ሲሉ ነገሩን መሸፋፈናቸው ብቻ አልነበረም፤ ትክክለኛውን ስም አግኝተውለታል። ጡት መልሶ ስለማሠራት የሚወራው ባመዛኙ ስለ ጡቱ ነው፤ ከምን ይሠራል፣ ምን ይመስላል፣ ስንት ይፈጃል። ሴትየዋ ግን ጡቱን ደፍራ በመስታወት ከማየቷ በፊት የምትኖረው ማገገሙን ነው። አሠራሮቹን አንድ በአንድ ለተመለከተ ሰው ደግሞ ትልቁ ልዩነት ያለው እዚሁ ላይ ነው። አንዷ በአንድ ሌሊት ቤቷ ትገባለች፣ ግን ለወራት ትመላለሳለች፤ ሌላዋ ለሳምንታት ትቸገራለች፣ ከዚያ በኋላ ግን ይገላግላታል። ስለዚህ የጡት አሠራር መምረጥ ማለት የማገገሚያ ዓይነት መምረጥ ማለት ነው። ሐኪሙም ቤተሰቡም ከሁሉ አስቀድመው ሊጠይቋት የሚገባው ቤትሽ የትኛውን አራስነት ይችላል ብለው ይመስለኛል።

ከሃይደልበርግ እስከ ሂውስተን

አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዊልያም ሃልስቴድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስፋፋው ሕክምና ጡትን ከነደረት ጡንቻውና ከነብብት ዕጢዎቹ ጠርጎ የሚያወጣ ነበር። ለበርካታ አሥርተ ዓመታትም ዋናው መንገድ ሆኖ ቆየ። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1895፣ ሃይደልበርግ ላይ ቪንሴንዝ ቸርኒ የተባለ ሐኪም ከአንዲት ሴት ወገብ አካባቢ የስብ ዕጢ አውጥቶ ጡቷ በነበረበት ቦታ ተከለው። በ1906 ጣሊያናዊው ኢጂኒዮ ታንሲኒ የጀርባን ጡንቻ ከነቆዳው ወደ ደረት አዞረ። በ1962 ቶማስ ክሮኒንና ፍራንክ ጄሮው ሂውስተን፣ ቴክሳስ ውስጥ የመጀመሪያውን የሲሊኮን ጡት አስገቡ። በ1982 የአትላንታው ካርል ሃርትራምፕፍ ከእምብርት በታች ያለውን ስብ ከሆድ ጡንቻ ጋር ወደ ላይ አምጥቶ ጡት የሚሠራበትን ዘዴ አሳተመ።

የሃርትራምፕፍ ዘዴ ጥሩ ጡት ይሰጣል፤ ዋጋው ግን የሆድ ጡንቻ ነው። ጡንቻዋን የሰጠች ሴት ከተኛችበት ቀና ማለት ያስቸግራታል፤ አንዳንዷም ሆዷ ላልቶ ቡዋ ይወጣባታል። ከ1990ዎቹ ወዲህ የተስፋፋውና ሐኪሞች ዲፕ የሚሉት አሠራር የመጣው ይህንን ሊያስቀር ነው። ጡንቻውን በቦታው ትቶ ቆዳውንና ስቡን ብቻ ከነደም ሥሩ ይወስዳል። የታሪኩ አካሄድ ባመዛኙ እንዲህ ነው፤ አዲሱ ዘዴ የሚፈለገው የቀደመው ዘዴ ሴቲቱን በምን እንዳጎሳቆላት ከታየ በኋላ ነው።

ከዚሁ ጎን ለጎን የመጣው ትልቁ ለውጥ ደግሞ ጡቱን ጨርሶ ያለማውጣት ነበር። በአሜሪካ በርናርድ ፊሸር፣ በጣሊያን ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ የመሯቸው ጥናቶች ዕጢውን ብቻ አውጥቶ በጨረር ማከም ዕድሜን በማርዘም ረገድ ጡትን ሙሉ በሙሉ ከማውጣት እንደማያንስ አሳዩ፤ የ20 ዓመት ክትትላቸው ውጤት በ2002 ታትሟል። ስለዚህ ካንሰሩ በጊዜ የተገኘባትና የጨረር ማሽን በአቅራቢያዋ ያለላት ሴት ብዙ ጊዜ አዲስ ጡት አያስፈልጋትም። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ግን ጡቱ ይወጣል። ይህንን ቆየት ብለን ወደ አገር ቤት ስንመለስ እናገኘዋለን።

አራት መንገድ፣ አራት ማገገም

የመጀመሪያው መንገድ ኢምፕላንት ነው፤ በሲሊኮን ወይም በጨው ውሃ የተሞላ ከረጢት። ኦፕራሲዮኑ አጠር ይላል፤ ብዙዎቹ አንድ ሌሊት አድረው ይወጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዋናው ከረጢት ወዲያውኑ አይገባም። በቅድሚያ ኤክስፓንደር የሚባል ባዶ ከረጢት ይቀመጥና ቁስሉ ሲጠግግ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በመርፌ የጨው ውሃ እየተጨመረበት ቆዳው ቀስ በቀስ ይለጠጣል። የተሞላበት ቀን ማታ ደረቱ ይወጠራል፤ ሰው ተቀምጦበት ያለ ይመስላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ይደረግና ኤክስፓንደሩ በቋሚው ይለወጣል። ይህ በዱቤ እንደ መግዛት ነው፤ የአንዱ ቀን ክፍያ ያንሳል፣ ክፍያው ግን ቶሎ አያልቅም። ኢምፕላንት ዕድሜ ልክ አይቆይም። ሰውነት በዙሪያው የሚሠራው ሽፋን አንዳንዴ እየጠነከረ ጡቱን ያደነድነዋል፤ ጨረር የወሰደች ሴት ላይ ይህ ይበረታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሲሊኮን ያስገቡ ሴቶች ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በየ2 ወይም 3 ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንዲታዩ ይመክራል። በ2019 አለርጋን ባዮሴል የተባሉትን ገጻቸው ሸካራ የሆኑ ኢምፕላንቶች ከዓለም ገበያ የሰበሰበው ከአንድ ብርቅ የሊምፍ ካንሰር ጋር በመያያዛቸው ነው።

ሁለተኛው ዘመዳችን የሄደችበት ነው። ከሆድ የተቆረጠው ቆዳና ስብ ደረት ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው የደም ሥሮች በማይክሮስኮፕ እየታዩ ከደረት የደም ሥሮች ጋር ይሰፋሉ። ከ6 ሰዓት በላይ የሚወስድ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ የለም፤ ነርሶች በየሰዓቱ እየመጡ ቀለሙን ያያሉ፣ በእጃቸው ጀርባ ሙቀቱን ይዳስሳሉ፣ በትንሽ መሣሪያ የደሙን ሹክሹክታ ያዳምጣሉ። ደሙ ከቆመ በፍጥነት ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል መመለስ ነው። ከ100 ሴቶች በጥቂቶቹ ላይ አዲሱ ጡት ሳይይዝ ይቀራል። ከ3 እስከ 5 ቀን ሆስፒታል ተኝታ ትወጣለች፤ ሆዷ ከዳር እስከ ዳር ስለተሰፋ ለሳምንት ሁለት ሳምንት እንደ ባልቴት ጎብጣ ነው የምትሄደው። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ያለው ጡት ግን የራሷ ሥጋ ነው፤ ይሞቃል፣ ስትወፍር ይወፍራል፣ ስትከሳ ይከሳል፣ በየጊዜው ልለወጥ አይልም።

ሦስተኛው የታንሲኒ መንገድ ነው። የጀርባው ጡንቻ ከደም ሥሩ ሳይነጠል በብብት ስር ወደ ፊት ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ትንሽ ኢምፕላንት ይታከልበታል። ሆዷ ላይ በቂ ስብ ለሌላት ወይም ጨረር ደረቷን ለጎዳው ሴት መፍትሔ ነው። ችግሩ ጀርባ ላይ ፈሳሽ መቋጠሩና ትከሻ ለመሳብና ለመግፋት ያለው ጉልበት መቀነሱ ነው። በእጇ ጉልበት ለምታድር ሴት ቀላል ኪሳራ አይደለም።

አራተኛው ጡት ያለማሠራት ነው። ይህንን ከምርጫዎቹ ውጭ አድርጎ ማየት የቆየ ስህተት ነው። አሜሪካዊቷ ገጣሚ ኦድሪ ሎርድ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመችው የካንሰር ማስታወሻዋ አርቴፊሻል ጡት እንድታደርግ የሚገፋፏትን ተቃውማ፣ ያለ ጡት መታየትን የሴት መብት አድርጋ ተከራክራለች። ሐሳቡ ወደ ሕክምናው መዝገብ የገባው ግን ዘግይቶ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ደረቱን ያለ ትርፍ ቆዳ አስተካክሎ መዝጋትን የሚገልጽ ፍቺ በመዝገበ ቃላቱ ያካተተው በ2020 ነው። የማገገሙ ጊዜ ከሁሉም ያጥራል፤ ጣጣውም ያንሳል። የፈለገች ጡት መያዣዋ ውስጥ የሚቀመጥ አርቴፊሻል ጡት ትጠቀማለች፤ ያልፈለገች ትተወዋለች።

በእነዚህ መንገዶች ሁሉ ላይ የጊዜ ጥያቄ አለ፤ ጡቱ በወጣበት ቀን ይሠራ ወይስ በኋላ? ወዲያው ማሠራት ሴቲቱን ባዶ ደረት ከማየት ያድናታል፤ የጡቷም ቆዳ ይተርፍላታል። ጨረር የሚጠብቃት ከሆነ ግን ብዙ ሐኪሞች መቆየትን ይመክራሉ፤ ጨረር አዲሱን ጡት ሊያኮማትረው፣ ኢምፕላንቱንም ሊያበላሸው ስለሚችል። ወዲያው አሠርታ ቁስሏ ቢያመረቅዝ ደግሞ ኬሞው ሊዘገይባት ይችላል። ከዓመታት በኋላ ማሠራትም ይቻላል፤ በሩ አይዘጋም።

አርባው ቀን

የሐኪሞቹ ወረቀት 6 ሳምንት ይላል። እናት በጣታቸው ቆጥረው «አርባ ቀን ከሁለት ቀን ነዋ!» አሉ። በእርግጥም የአራስ ቤት ሥርዓትና የሆስፒታሉ ወረቀት ባልተጠበቀ መልኩ ይስማማሉ፤ ሁለቱም አታንሺ፣ አትጎንበሺ፣ ብዪ፣ ተኚ፣ ብቻሽን አትሁኚ ይላሉ። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እዚህ ጋ መተኛት ብቻውን አይበቃም። ኦፕራሲዮን በተደረገች ማግስት ተነስታ መራመድ አለባት፤ የተኛ እግር ውስጥ ደም ሊረጋና ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላልና። ከመጸዳጃ ቤት እስከ በር፣ ከበር እስከ ኮሪደር፤ በቀን አራት አምስት ጊዜ።

ድሬን እንደ አሠራሩ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይቆያል። ባመዛኙ የሚነቀለው በ24 ሰዓት ውስጥ የሚወጣው ፈሳሽ ከ30 ሚሊሊትር በታች ሲሆን ነው፤ ደብተሩ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ተንጠልጥሎ እንዳይስብ ከልብስ ጋር በመርፌ ቁልፍ ይያያዛል። እንቅልፍ በጀርባ ነው፤ ከትከሻም ከጉልበትም ስር ትራስ ተደርጎ። ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ሆድ ያደርቃል፤ በተሰፋ ሆድ ማማጥ ምን እንደሆነ የምታውቀው የሞከረችው ብቻ ናት። የዘመዳችን እናት ለዚህ ያመጡት ተልባ ነው፤ ነርሷን አስጠይቀው፣ ፈቃድ አግኝተው፣ በጥብጠው በየጠዋቱ አጠጧት።

ክብደትን በተመለከተ የአሜሪካ ነርሶች የሚጠቀሙበት መስፈሪያ ጋሎን ወተት ነው፤ ከዚያ የከበደ አታንሺ ይላሉ። ወደ 4 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። በእኛ ቤት መስፈሪያ ቢተረጎም የአንድ ዓመት ልጅ ማቀፍ የለም፣ ሊጥ የሞላ ባልዲ የለም፣ ከባድ ድስት ከእሳት ማውረድ የለም። እንጀራ መጋገር እንደ ቀላል ሥራ ይታያል፤ ክንድን ዘርግቶ በምጣዱ ዙሪያ ማዞር፣ አክምባሎ ማንሳት፣ ጎንበስ ብሎ ማውጣት ግን ለደረትም ለሆድም ስፌት ፈተና ነው። መኪና መንዳትም የሚፈቀደው ጠንካራው ማስታገሻ ካበቃና ክንዷ መሪውን ድንገት ማዞር ከቻለ በኋላ ነው።

ክንዱ ደግሞ እንዲሁ ታቅፎ መቀመጥ የለበትም። ሐኪሟ ሲፈቅድ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በጣቶቿ እንደ ሸረሪት ወደ ላይ ትወጣለች፤ የደረሰችበት ላይ በእርሳስ ምልክት ታደርጋለች፤ በማግስቱ ከዚያ ከፍ ለማለት ትሞክራለች። ይህንን ያልሠራች ሴት ትከሻዋ ደርቆ ከወራት በኋላ ፀጉሯን ለማበጠር ትቸገራለች። የብብት ዕጢዎቿ የወጡባት ደግሞ ክንዷ ከዓመታት በኋላም ሊያብጥ ስለሚችል መክበድና መወጠር ሲሰማት ሳትቆይ መታየት አለባት።

ምግብን በተመለከተ ቁስል የሚጠግገው በፕሮቲን ነው። አራስ ጥየቃ ይዘነው የምንሄደው አጥሚትና ገንፎ ያጠግባል፤ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ዶሮና ወተት ግን የበለጠ ይሠራሉ። ጾም ከሆነ ሃይማኖቶቻችን ለታመመ ሰው በር እንደሚከፍቱ ማስታወስ ነው፤ የነፍስ አባትን ወይም ሼኩን ማማከር ነገሩን ያቀልላል። እጾማለሁ ያለችም ምስርና ሽምብራውን፣ አተርና ባቄላውን አብዝታ ትብላ። ጠበል የሚፈልጉ ደግሞ ቁስሉ እስኪዘጋና ድሬኑ እስኪወጣ ገላ ላይ ከመጠመቅ መታገሥ አለባቸው፤ በየትኛውም ውሃ የራሰ ቁስል ለኢንፌክሽን የተጋለጠ ነው። ትኩሳት ከ38 ዲግሪ በላይ ሲወጣ፣ ጡቱ ቀልቶ ሲግል፣ ፈሳሹ ሲሸት ወይም ድንገት ደም ሲሆን፣ የተተከለው ቆዳ ሲጠቁር ወይም ሲገረጣ፣ እግር በአንድ ወገን ሲያብጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ነው የሚደወለው።

ወረቀቱ ላይ የሌለው

ከባዱ ሳምንት የመጀመሪያው እንዳልሆነ ያለፉበት ሴቶች ይናገራሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ በሰው ይሞላል፤ በሦስተኛው ሳምንት ጠያቂ ያልቃል፣ ድካሙ ግን አለ። መታጠቢያ ቤት በር ዘግታ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታይበት ቀንም ያኔ ነው። አዲሱ ጡት ያብጣል፣ ይበልዛል፣ ከጎረቤቱ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ ጫፉ የለም። ቅርጹ ቦታ ቦታውን የሚይዘው ከወራት በኋላ ነው። ጫፍ ማሠራት፣ ቀለሙን በንቅሳት ማስመሰል፣ ሌላኛውን ጡት ማመጣጠን ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጠባሳው እስኪረጋ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። እንደ እኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ጠባሳ አብጦ የሚያድግበት ኬሎይድ የሚባለው ነገር በብዛት ስለሚታይ፣ ቀድሞ ጆሮዋን ስትበሳ ያበጠባት ሴት ይህንን ለሐኪሟ አስቀድማ መንገር አለባት።

ከሁሉ በላይ የማይነገረው መደንዘዝ ነው። ጡት ሲወጣ የስሜት ነርቮቹ አብረው ይቆረጣሉ። ከጊዜ በኋላ በከፊል የሚመለስላት አለች፤ ብዙዎቹ ግን ውብ ሆኖ የማይሰማ ጡት ይዘው ይኖራሉ። ልጅ ሲደገፍበት አያውቁም። ይህ የስሜት ብቻ ሳይሆን የአደጋም ጉዳይ ነው፤ የሙቅ ውሃ ላስቲክ አቅፈው ተኝተው ሳይሰማቸው የተቃጠሉ ሴቶች በሕክምና ጽሑፎች በተደጋጋሚ ተመዝግበዋል። ቡና ለማፍላት ከሰል ማንደጃ ላይ ለምታጎነብስ፣ ትኩስ ሲኒ ደረቷ አጠገብ ለምትይዝ ሴት ማስጠንቀቂያው የሩቅ አይደለም። በትዳር ውስጥም ቦታ አለው፤ ባል ሊያሳምማት ፈርቶ እጁን ሲሰበስብ እሷ አስጠላሁት ብላ ታስባለች። ይህንን ሁለቱ ካልተነጋገሩበት ዝምታው ራሱ ቁስል ይሆናል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ድካም ዋጋ አለው? በአሜሪካና በካናዳ በ11 ማዕከላት የተካሄደና ከ2,000 በላይ ሴቶችን ለሁለት ዓመት የተከታተለ ጥናት ውጤቶች በ2018 ታትመዋል። ከራሳቸው ሥጋ ያሠሩት ኢምፕላንት ካስገቡት ይልቅ በጡታቸው የረኩ ሆነው ተገኙ፤ ነገር ግን ችግር ያጋጠማቸውም በብዛት እነሱው ናቸው። በጠቅላላው ከሦስት ሴቶች አንዷ ገደማ ቢያንስ አንድ ችግር ደርሶባታል፤ ከአምስት አንዷ ገደማ በዚሁ ምክንያት እንደገና ኦፕራሲዮን ሆናለች። ጡት ማሠራት ካንሰሩ እንዲመለስ ያደርጋል የሚለው ፍርሃት ግን በጥናት አልተደገፈም። ስለዚህ ጥያቄው ዞሮ ዞሮ ወደ ቤቷ ይመለሳል፤ ከሦስቱ አንዷ ብሆን ማን አለኝ?

የማን ቤት ይችለዋል?

በአሜሪካ ከ1998 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ሕግ፣ ጡት ማውጣትን የሚሸፍን ኢንሹራንስ መልሶ መሥራቱንም፣ ሌላኛውን ጡት ማመጣጠኑንም፣ አርቴፊሻል ጡቱንም፣ የክንድ እብጠት ሕክምናውንም እንዲሸፍን ያስገድዳል። በእስራኤል የጤና ቅርጫት የሚባለው በሕግ የተወሰነው የሕክምና አገልግሎቶች ዝርዝር፣ በብሪታንያ መንግሥታዊው የጤና አገልግሎት ሥራውን ይሸፍናሉ። የአሜሪካው ሕግ ግን ኦፕራሲዮኑን ያስከፍላል እንጂ አርባውን ቀን አያስከፍልም። በ1993 የወጣው የፈቃድ ሕግ 12 ሳምንት ቢሰጥም ያለ ደመወዝ ነው፤ ያውም 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው መሥሪያ ቤት ዓመት ለሠራ ሰው። በሰው ቤት አረጋውያንን ለምታነሳና ለምታስተኛ፣ ታክሲ ለምትነዳ፣ የራሷን ትንሽ ሱቅ ለምትጠብቅ ሐበሻ ሴት ይህ ሕግ ብዙ ጊዜ አይደርስም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር ለታሰረባት የቤት ሠራተኛ ደግሞ ለስድስት ሳምንት ዕቃ አታንሺ ማለት ሥራሽን ልቀቂ እንደ ማለት ነው።

በኢትዮጵያ የጡት ካንሰር በሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ሁሉ የመጀመሪያው ነው፤ በ2020 የወጣው የዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ድርጅት ግምት በዓመት ከ16 ሺህ በላይ አዲስ ታማሚዎች እንዳሉ ያሳያል። ብዙዎቹ ወደ ሐኪም የሚደርሱት ዕጢው አድጎ፣ አንዳንዴም ቆስሎ ነው። ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነው ከአዲስ አበባ ውጭ ማዕከላት መከፈት የጀመሩት። ቀደም ሲል ከጠቀስናቸው ከሁለቱ፣ ማለትም በጊዜ ከመድረስና ከጨረር፣ አንዱ ወይም ሁለቱም የጎደለባት ሴት ጡቷ ይወጣል። መልሶ መሥራት የሚችሉት የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ እንደ የካቲት 12 እና አለርት ባሉ ሆስፒታሎች ጠረጴዛቸውን የሚሞላው ቃጠሎና አደጋ ነው። ስለዚህ ለአብዛኛዋ ኢትዮጵያዊት ከአራቱ መንገዶች ያለው አራተኛው ነው፤ እሱም መርጣው አይደለም። ጡት መያዣዋን በጥጥ ሞልታ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ደርባ ትወጣለች።

ይህ ማለት ግን ማገገሙ አይመለከታትም ማለት አይደለም። ድሬን ይዛ ወደ ክፍለ ሀገር የምትመለሰው እሷ ናት፤ በማግስቱ 20 ሊትር ጀሪካን የሚጠብቃትም እሷን ነው። የግድግዳው ላይ እንቅስቃሴ ማሽን አይፈልግም፤ የደብተሩ ምዝገባ ብር አይፈልግም፤ ማስጠንቀቂያ ምልክቶቹ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም በአንድ ገጽ ይጻፋሉ። አዲስ ጡት መስጠት ያልቻለ አገር ቢያንስ አርባ ቀን መስጠት ይችላል።

ለዚህ የሚሆን ልማድ ደግሞ አለን። አማርኛ ጡትን ሥጋ ብቻ አድርጎ አያውቅም፤ ያልወለዱት የጡት ልጅ ይሆናል፣ ውለታ የበላ ጡት ነካሽ ይባላል። እንዲህ ያከበርነው አካል ሲታመም ግን ስሙን አንጠራም፤ ሴቲቱም «ትንሽ አሞኛል» ብላ ትደበቃለች። አራስን ማንም አይደብቃትም። ጎረቤት ተራ ገብቶ ያበስልላታል፣ ልጆቿን ይይዝላታል፣ ልብሷን ያጥብላታል፤ አንዲት ዕቃ ብታነሳ ሁሉም ይጮኽባታል። ልትጠይቁ ስትሄዱ በሦስተኛው ሳምንት ሂዱ። «አሳዪኝ» አትበሉ፤ «እንትና በዚሁ ሞተች» አትበሉ። እንጀራ ጋግራችሁ ሂዱ፤ ሳህኑን አጥባችሁ ውጡ።

የዘመዳችን የመጨረሻው ድሬን የወጣው በ19ኛው ቀን ነበር። እናት ግን ደብተሩን አልዘጉትም። ሚሊሊትሩ ሲቀር ሌላ ነገር መመዝገብ ያዙ፦ ዛሬ ቀና ብላ ሄደች። ዛሬ ፀጉሯን ራሷ አበጠረች። ዛሬ ስታለቅስ ዋለች፤ አልጠየቅኳትም። ክርስትና የሌለው አራስነት የሚያበቃበት ቀን ስለማይታወቅ ይመስለኛል። ቪዛቸው ሊያልቅ ሲል አገራቸው ገቡ፤ ደብተሩን ትተውላት ሄዱ። በሦስተኛው ወር ቤቷ ስሄድ ጠረጴዛ ላይ ተገልጦ አየሁት፤ ጽሕፈቱ ተለውጧል፣ ሰዓቱ ግን የእናትየው ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት፤ ሥራ ገባሁ። ከሰዓት 9፤ ደክሞኝ መኪና ውስጥ ተኛሁ። ማታ 1 ሰዓት፤ እማዬ ደወለች፤ አራሷ እንዴት ናት አለች።